መርፌው ብቻ ሲቀር

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ዶሮው እስኪሞቅ ማለታቸው ነው።

ዲሲ ስንመጣ እናንተ ታክሲ ነዳችሁ፣ እኔ ፓርኪንግ ሠራሁ። አሁን ነርስ ነኝ። በሳምንት ሁለት ማታ፣ ዕፅ በመርፌ ለሚወስዱ ሰዎች ከቫን ላይ ንጹሕ መርፌ አድላለሁ። ያገለገለውን ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጥላሉ፣ አዲስ ይወስዳሉ።

አንድ ማታ እናቴ ደወለች። “እሺ እማዬ፣ በልቻለሁ” እያልኩ ቀና ስል፣ ፊቴ የቆመው ልጅ ክው ብሏል። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ኮፍያውን ወደ ታች ሳበ። “አበሻ ነሽ እንዴ?” አለኝ በአማርኛ። መልሴን አልጠበቀም፤ ባዶ እጁን ሄደ። ከረጢቱን ይዤ ሮጥኩ። መንገድ ተሻግሮ ጠፋኝ። ያን ሌሊት በማን መርፌ እንደተወጋ አላውቅም።

በሳምንቱ በማስክ ተሸፍኖ መጣ። እኔም አማርኛ እንደማያውቅ ሰው “ስንት ልስጥህ?” አልኩት በእንግሊዝኛ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው። ከረጢቱን ሲቀበለኝ ግን በሁለት እጁ ነው።

ይህ ልጅ የሸሸው ፖሊስ አይደለም። እኛን ነው!

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2007 ዲሲ የራሷን ግብር እንኳ ለመርፌ እንዳታወጣ ከልክሏት ነበር። ክልከላው ሲነሳ፣ በ2 ዓመት ብቻ 120 ሰው ከኤች አይ ቪ እንደተረፈ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ከ44 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕክምና ወጪም ድኗል። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ በ2016 ላላ ሲል የመንግሥቱ ብር ለቫኑ፣ ለነዳጁ፣ ለደሞዙ እንዲወጣ ፈቀደ። መርፌው ብቻ አይገዛበትም። ደግሱ ብሎ ብር ሰጥቶ “እንጀራ እንዳትገዙበት” እንደማለት ነው!

ግን የመጣሁት ኮንግረስን ላማ አይደለም። አምና እዚሁ አዳራሽ አዋጣችሁ። ጃኬት ገዛን፣ ካልሲ ገዛን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀጥሎ ምን ተባልኩ? “ደረሰኙ ላይ መርፌ የሚል እንዳይኖር።” ስማችን እንዳይነሳ! ሁላችንም የደረስንበት ለቅሶ አለ። ወጣት ልጅ ሞቶ፣ “ምን አመመው?” ሲባል ቤቱ ሙሉ ዝም ያለበት። ያን ቀን ስማችን ዳነ?

“ሱሱን ታባብሻለሽ” የምትሉኝ አላችሁ። መርፌ ስላጣ ያቆመ ሰው አላየሁም። የጓደኛውን ሲዋስ ነው ያየሁት። ሕክምና ልጀምር ብለው የነገሩኝም እዚያው ቫን ላይ የለመዱኝ ናቸው።

ናሎክሶን የሚባለውን መድኃኒት ሳልረሳ። ፈንታኒል በሚባለው ኃይለኛ ዕፅ ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው አፍንጫው ውስጥ ይረጫል። ዲሲ በነፃ ያድላል፤ መኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ሰዓቴ አለቀ።

የመዋጮው ሣጥን በሩ ጋ ነው። በትልቁ፣ በአማርኛ፣ “ለመርፌ” ብዬ ጽፌበታለሁ። እራት ይቅረብ።