«ሞተሃል» የሚል ጌም ለምን ይናፍቃል?

[ጥቁር ስክሪን፤ መሃሉ ላይ ቀይ ጽሑፍ ቀስ እያለ ይደምቃል]

ይህን ቀይ ጽሑፍ ዳርክ ሶልስ የሚባለውን ጌም የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ሞተሃል» ነው የሚለው። ማባበያ የለውም፤ «ትንሽ ላቅልልህ?» ብሎም አይጠይቅም። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ መጨረሻ ያረፋችሁበት እሳት አጠገብ ትነሳላችሁ። እኔ ጽሑፉን ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ግን እስከ ዛሬ የዚህን ጌም ያህል የወደድኩት የለም። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳችሁ።

ብዙ ሰው «ከባድ ስለሆነ ነው የሚወደደው» ይላል። እኔ አልስማማም። ከባድ ጌም መሥራት ምንም አያስቸግርም፤ የጠላቱን ጉልበት አሥር እጥፍ ማድረግ፣ የተጫዋቹን ደም በግማሽ መቀነስ፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ሞልቷል፣ የሚያስታውሰውም የለም። ዳርክ ሶልስ ውስጥ ግን ስትሞቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ለምን እንደሞታችሁ ታውቃላችሁ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

[አዳራሽ፤ ከላይ ግዙፍ ጭራቅ ዱብ ይላል]

የጌሙን መጀመሪያ ተመልከቱ። እስረኛ ናችሁ። የያዛችሁት ከእጀታው ብዙም ያልተረፈ ስባሪ ሰይፍ ነው። ትልቁን በር ገፍታችሁ አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ይህ ፍጥረት ከላይ ይወርዳል። ሌሎች ጌሞች ያስለመዱን ጠላት ከመጣ መዋጋት ነውና ብዙ ሰው በዚያች ስባሪ ይገጥመዋል፤ ይሞታልም። ወለሉ ላይ ግን «ሽሽ» የሚል መልእክት አለ። በስተግራ ትንሽ በር ክፍት ናት። በዚያ የሮጠ ይተርፋል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ደህና መሣሪያና ጋሻ ያገኛል። መንገዱ ዞሮ ዞሮ ከዚያው ጭራቅ አናት በላይ ካለ ሰገነት ያደርሰዋል። ከዚያ ዘሎ መሣሪያውን ጭንቅላቱ ላይ ሲሰካበት፣ የጭራቁ የደም መስመር በአንዲት ምት ክፉኛ ይወርዳል።

ጌሙ በዚህች አሥር ደቂቃ ሕጉን ሁሉ ነግሯችኋል። ዙሪያህን ተመልከት፣ መሸሽ ነውር አይደለም፣ ያሸነፈህ ነገር ጋ ተዘጋጅተህ ተመለስ። ይህን ሁሉ ያስተማረው ደግሞ ረጅም መመሪያ ሳያስነብብ ነው።

ውጊያው እንዴት እንደሚሠራ ሳናይ ግን ይህ ሁሉ አይገባም። ከደም መስመራችሁ በታች አረንጓዴ መስመር አለች፤ ስታሚና ትባላለች። ብትሰነዝሩ፣ ብትንከባለሉ፣ ብትሮጡ፣ በጋሻ ብትመክቱ፣ ሁሉም ከእሷ ላይ ይቀነሳል። ካለቀች ማምለጥ የለም። በተኑን አንዴ ከተጫናችሁ ደግሞ ምቱን መመለስ አይቻልም፤ ከባድ ሰይፍ ከያዛችሁ ከትከሻ ተነስቶ መሬት እስኪደርስ ድረስ ራቁታችሁን እንደቆማችሁ ቁጠሩት። ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ውሳኔ ነው።

[የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፤ ሁለት ጋርጎይሎች]

ይህን የተማርኩት ጌሙ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። የዚያ ቦታ ቦስ፣ ማለትም ዋናው ከባድ ጠላት፣ ጋርጎይል ይባላል፤ ክንፍ ያለው፣ ረጅም መሣሪያ የያዘ ፍጥረት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስገጥመው ደሙን ግማሽ ገደማ አድርሼ ደስ ሲለኝ ከማማው ሁለተኛው ወረደ። ያኔ ኮንትሮለሩን ጭኔ ላይ ጥዬ ዝም ብዬ ስክሪኑን ማየቴ ትዝ ይለኛል። ሁለቱ እሳት ሲተፉብኝ የማደርገው ጠፋኝ፣ ሞትኩ። ተመለስኩ፣ ሞትኩ።

ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ ነገር ልብ አልኩ። የምሞተው ሁልጊዜ በሦስተኛዋ ምት ላይ ነው። ጋርጎይሉ ሰንዝሮ ሲስት ሁለት ምት የማሳርፍበት ጊዜ አለ፤ ለሁለት ይበቃል፣ ለሦስት አይበቃም። እኔ ግን «አንድ ልጨምር» እላለሁ። ያቺ ጭማሪ ስታሚናዬን ትጨርሰዋለች፣ ጅራቱ ይዞር እና ይጥለኛል። የገደለኝ ስስቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት መትቼ ወደ ኋላ መንከባለል ጀመርኩ። ሁለተኛው ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያውን አዳክሜ ጠበቅሁት፣ ሲመጣም ቶሎ ጨረስኩት። የገጸ ባሕርዬ ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃው) ከቀደመው ሙከራ አልጨመረም፤ ሰይፉም ያው ነበር። የተለወጠው እጄና ዓይኔ ነው። ሲወድቁ የልቤን ምት ጆሮዬ ውስጥ እሰማው ነበር።

በሌሎች ሮል ፕሌይንግ ጌሞች (አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ በምታሳድጉባቸው) ሲከብዳችሁ ገጸ ባሕርያችሁን ታሳድጋላችሁ፣ ቁጥሩ ይዋጋላችኋል። እዚህም ማሳደግ አለ፣ ይረዳልም። ነገር ግን ዋናው እድገት ከስክሪኑ ወዲህ ነው፣ ኮንትሮለር የያዘው ሰው ላይ።

ከሞት ጋር የሚመጣው ኪሳራም በብልሃት የታሰበ ነው። ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ነፍስ ትሰበስባላችሁ፤ እሱ ገንዘባችሁም ማደጊያችሁም ነው። ስትሞቱ የያዛችሁት ነፍስ ሁሉ የሞታችሁበት ቦታ ላይ ይቀራል። ተመልሳችሁ ከነካችሁት የእናንተ ነው፤ መንገድ ላይ ድጋሚ ከሞታችሁ ለዘላለም ጠፋ። ቦንፋየር በሚባለው የማረፊያ እሳት አጠገብ ስታርፉ የፈውስ ጠርሙሳችሁ ይሞላል፣ ከቦሶችና ከጥቂት ልዩ ጠላቶች በስተቀር የገደላችሁት ሁሉ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን ለጋስነት ይታየኛል፤ ጠላቱ ሁልጊዜ ያው ቦታ ስለሚቆም፣ ትናንት የተማራችሁት ዛሬ አይከዳችሁም።

ፍርሃቱ ስላለም እፎይታው ይጣፍጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ አሳንሰር አለ። ጠርሙሴ ባዶ፣ ብዙ ነፍስ ተሸክሜ፣ የት እንደሚያወርደኝ ሳላውቅ ገባሁበት። ረጅም ወረደ። በሩን አልፌ ስወጣ የማውቀው ሙዚቃ ተሰማኝ፤ ፋየርሊንክ፣ ጉዞውን የጀመርኩበት ቦንፋየር! ስንት ሰዓት ተዋግቼ የራቅሁት ቦታ ለካ እግሬ ሥር ነበር። ካርታ የሌለው ጌም ነው፤ ካርታው ጭንቅላቴ ውስጥ በዚያች ቅጽበት ተገጣጠመ።

[የቆየ ኮንሶል ምስል]

ታሪኩን በአጭሩ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጌሙን የሠራው የጃፓኑ ኩባንያ ፍሮምሶፍትዌር በ1986 ተመሠረተ። የዳርክ ሶልስ ዳይሬክተር ሂዴታካ ሚያዛኪ በ2004 ገባ፣ ኋላም ችግር ላይ የነበረ ፕሮጀክት ተረከበ፤ ያ ፕሮጀክት በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣው ዲሞንስ ሶልስ ነው። ከሶኒ ኃላፊዎች አንዱ ሞክሮት እጅግ መጥፎ ጌም ነው ብሎ ነበር፤ ሶኒ በሰሜን አሜሪካ አላሳተመውም፣ አትለስ የሚባል ሌላ አሳታሚ ወስዶ አወጣው። ዳርክ ሶልስ በ2011 ተከተለ። በ2022 የወጣው የዚሁ ኩባንያ ጌም ኤልደን ሪንግ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው 12 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፣ ዘ ጌም አዋርድስ በሚባለው ዓመታዊ የጌም ሽልማትም የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ።

ሚያዛኪ የተናገረው አንድ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። በበረዶ ቀን ዳገት ላይ መኪኖች ይንሸራተታሉ። ከኋላ ያለው መኪና የፊተኛውን ይገፋል፣ ሌላው ደግሞ እሱን፣ እንዲህ ሁሉም ይወጣሉ። ቆሞ ማመስገን አይቻልም፤ የቆመ እንደገና ይያዛል። እሱም አልፎ ከሄደ በኋላ መጨረሻ ላይ የነበረው ሰው ወጥቶ ይሆን ብሎ አሰበ። የሶልስ ጌሞች ኦንላይን አሠራር ከዚያ ቀን የተወለደ ነው።

ለዚህ ነው ብቻችሁን ስትጫወቱ ብቻችሁን የማትሆኑት። ሌላ ተጫዋች ወለል ላይ «ከፊት አድፍጠዋል» ብሎ ጽፎላችሁ ይሄዳል። የደም ምልክት ስትነኩ አንድ የማታውቁት ሰው የመጨረሻ ሰከንዶቹን ሲኖር ታያላችሁ፤ ወደ ገደሉ ተንከባሎ ከወደቀ እናንተ አትንከባለሉም። ሊረዳ የፈለገ ተጫዋች የተወውን ነጭ ምልክት ካገኛችሁ ደግሞ ያንን ሰው ጠርታችሁ ቦሱን አብራችሁ ትገጥማላችሁ። በድምፅ አታወሩም፤ እጅ ትነሳላችሁ፣ ይበቃል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ሰው ሲቸገር «ተማርና ና» እያሉ የሚያላግጡ ተጫዋቾች አሉ። ረዳት የጠራ፣ በአስማት ከሩቅ የተዋጋ «አላሸነፈም» ይሉታል። ይህ ስህተት ነው። ጥሪውም አስማቱም ወፍራሙ ጋሻም ሠሪዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡት መንገድ ነው፤ ከሽሽቷ በር ምንም አይለይም።

ጌሙም እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ብላይትታውን የሚባለው ረግረጋማ ከተማ በድሮዎቹ ኮንሶሎች ላይ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ የእንጨት ድልድይ ላይ እንዲህ ሆኖ መዋጋት ያስለቅሳል። ቤድ ኦፍ ኬኦስ የሚባለው ቦስ ደግሞ ወለሉን ከእግራችሁ ሥር እየናደ፣ እየጠረገም ወደ ጉድጓዱ ይጥላችኋል። እዚያ ስሞት ምንም አልተማርኩም፣ ዝም ብዬ ተበሳጨሁ። እንዲያውም የሌላውን ሞት ፍትሐዊነት የገለጠልኝ እሱ ነው።

[ጣሪያው እንደገና፤ ወለሉ ላይ ነጭ ምልክት]

እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው እትም ከወጣ ወዲህ አንዳንድ ማታ ወደዚያ ጣሪያ እመለሳለሁ። ምልክቴን ወለሉ ላይ አኖርና እጠብቃለሁ። ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰው ጠራኝ። አጎንብሼ ሰላም አልኩት፣ እሱም አጎነበሰ። ጥሩ ይዋጋ ነበር። ሁለተኛው ጋርጎይል ወረደ፣ አንደኛው ሊሞት ትንሽ ቀርቶታል፣ ሰውዬው አንድ መታ፣ ሁለት መታ፣ ሦስተኛውን ሊደግም ሰይፉን አነሳ። ጅራቱ ዞረ። እሱ ሞተ፣ እኔም ወደ ዓለሜ ተመለስኩ።

ምልክቴን እዚያው ቦታ ድጋሚ አኖርኩ። ጥቂት ቆይቶ ያው ስም ጠራኝ። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ሁለት መታና ወደ ኋላ ተንከባለለ።