ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ አምባዛ ተማርኳል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አባቴ ላወራችሁ ነው።

የካቲት 26 የካራማራ ድል ቀን ነው። በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የወጣችበት። አዲስ አበባ ላይ ትግላችን ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጣል፣ አርበኞቹ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይመጣሉ። አባቴን ያን ቀን ብትፈልጉት ግን የምታገኙት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ መንጠቆውን ጥሎ።

ሚሊሺያ ነበር። በ1969 እናት ሀገር ተደፈረች ተብሎ ክተት ሲታወጅ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ ሠለጠነ፣ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ከዚያ በኋላም በዚያው ወታደር ሆኖ ቀረ። 1983 ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ደመወዙም አብሮ ተበተነ። ዓሣ ማጥመድ የጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው። ለመዝናናት እንዳይመስላችሁ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ስለጠፋ ነው። ፍቅሩ በኋላ መጣ። ሥራ ካገኘም በኋላ ሐይቁን አልተወም።

ዕቃው ይሄ ነው የሚባል አልነበረም። ሸምበቆ፣ የናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ለተንሳፋፊ የሚሆን የጠርሙስ ቡሽ። ትሉን እኛ ልጆቹ ከጓሮ እንቆፍርለታለን። ታዲያ ቤት ሲመለስ እንደ ሰው «መጣሁ» ብሎ አይገባም። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ለእናቴ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ከዚያ በዚያ ዘመን የሬዲዮ ድምፅ፦

«ጓድ ሊቀመንበር! ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በተካሄደው ከባድ ውጊያ አንድ አምባዛ ከነሪዙ ተማርኳል። በወገን በኩል አንድ ነጠላ ጫማ ጠፍቷል።»

እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ጾም ነው፣ ምርኮኛህን ለጎረቤት ስጥ» ትለዋለች። የካቲት 26 ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። እናቴ ደግሞ በጾም ዓሣ ይበላል የሚለውን ክርክር መስማት አትፈልግም። ስለዚህ ምርኮኛው ወደ ማይጾሙት ጎረቤቶቻችን ይሄዳል፣ አባቴም ተከትሎ ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች።

ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ወርዶ መረብ የሚያራግፉትን ልጆች ያግዝ ነበር። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትላልቅ ወፎች፣ እግራችን ሥር እየተጋፉ የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። አባቴ ከመረቡ አንዲት ቆሮሶ አላቆ አፏን በአውራ ጣቱ ከፈት አደረገና አሳየኝ። ውስጡ ሙሉ እንቁላል ነው፣ ቢጫ። ቆሮሶ እንቁላሏን ጣል አድርጋ አትሄድም፤ እስኪፈለፈል በአፏ ይዛ ትቆያለች። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ ለቀቃትና «ይቺ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ አትታሰርም» አለ። የመረቡ ባለቤት ተናደደ። አባቴ ሻይ ጋበዘውና ነገሩ በዚያው አለቀ።

የጦር ሜዳ ወሬ ይወድ ነበር፣ ግን የሚያስቀውን ብቻ። ሌሊት ዘብ ላይ ሆኖ «ማነህ?» ያለው አህያ። «እንደምን አደርክ» የሚለውን አስተምሮት ማታም ቀንም «እንደምን አደርክ» እያለ የሚዞረው ኩባዊ። ወሬው ካራማራ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳ አንድ ሁለቴ ልገፋው ሞክሬ ነበር። «ተራራ ነው፣ ወጣነው» ብሎኝ አረፈ።

ይሄን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች «አየሽ፣ ሐዘኑን በሳቅ ሸፍኖ ነው» ይሉኛል። እውነት ለመናገር ይሄ አባባል ያበሽቀኛል። አክስቴን ጠይቋት። ገና ልጅ እያለ የቄሱን ጥምጥም ፍየል አናት ላይ አስሮ የተገረፈ ሰው ነው። ከጦርነቱም በፊት ቀልደኛ ነበር። አንድ የጦር ጓደኛው ሊጠይቀን መጥቶ ያለኝን አልረሳውም። «አባትሽ ምሽግ ውስጥም እንዲህ ነበር። አንዳንዶቻችን ያን ጊዜ የምናስታውሰው እየሳቅን ነው፣ በሱ ምክንያት» አለኝ። ጦርነቱ ብዙ ነገር ወስዶበታል፣ ሌሊት ሲባንን ሰምቻለሁ። ቀልዱን ግን ጦርነት አልሰጠውም። የራሱ ነው። የሱ የሆነውን ለሱ ተዉለት።

ሲሞት ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት የሐይቅ ጓደኞቹ የሱን ወሬ ጀመሩ። አንዱ ተነሥቶ ያችን «ጓድ ሊቀመንበር» በሱ ድምፅ አላት። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አንድ ሽማግሌ ተቆጡ፦ «ምነው፣ ለቅሶ ላይ ይሳቃል እንዴ?»

«የሱ ለቅሶ እኮ ነው አባቴ» አለቻቸው።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።