ሳትፈርሙ ጠይቁ፦ የአድማጮች ጥያቄና የጠበቃ መልስ

ሰሞኑን ስለ ድራግ ኮርት የደወላችሁ ብዙ ናችሁ። ያው የሁልጊዜ ጥያቄዎቻችሁ ናቸው።

ድራግ ኮርት እስር ቤት ነው ሆስፒታል? (ከቨርጂኒያ)

ፍርድ ቤት ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ፣ ማያሚ ላይ ተጀመረ። ዳኛው በእስር ፋንታ የሱስ ሕክምና ያዛል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ሽንት ይመረመራል፣ ዳኛ ፊት ይቀረባል። ሕጉን የጣሰ ለጥቂት ቀናት ሊታሰር ይችላል።

ለፋሲካ ጠላ ብቀምስስ?

አይሆንም። ጠላም አልኮል ነው። ምርመራው ከሁለት ቀን በኋላም ሊያገኘው ይችላል።

ወንድሜ ግሪን ካርድ አለው። በኮኬይን ተያዘ። "ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ፕሮግራሙን ስትጨርስ ኬዙ ይሰረዛል" ተባለ። ይፈርም? (ከሜሪላንድ)

እህቴ፣ እንዳይፈርም! መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።

ኬዙ የሚሰረዘው በስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። ኢሚግሬሽን የራሱ መለኪያ አለው። ጥፋተኛ ነኝ ካለና ዳኛው ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ለእነሱ ተፈርዶበታል። ኋላ ቢሰረዝም ያው ነው፤ ከሀገር ሊያስባርረው ይችላል።

አንዲት ልጅ የወንድሟን የድራግ ኮርት ሰርተፊኬት በፕላስቲክ ሸፍና ቢሮዬ መጣች። 14 ወር ሙሉ አንድ ምርመራ አልወደቀም። እናቱን ሊጠይቅ ሀገር ቤት ሄዶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ኢሚግሬሽን ያዘው። ያን ሰርተፊኬት እያገላበጥኩ የምላት ጠፋኝ።

እኛ ዳኛ ፊት ስንቆም እሺ ማለት ይቀናናል። ተዉ! እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓዲያ በተባለ ሰው ጉዳይ ወስኗል፤ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን ከሀገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው መንገር አለበት። መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ጥፋተኛ ነኝ ሳይባል የሚገባበት ፕሮግራም አለ። ጠበቃው እሱን ይፈልግላችሁ። አስተርጓሚም ጠይቁ። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ እጃችሁ አይረፍ።

ጫትስ? ሀገር ቤት ይፈቀዳል እኮ።

እዚህ አይፈቀድም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ነው የተቀመጠው። "ባህላችን ነው" ማለት አያድንም። በእሱም ብትያዙ፣ ሳትፈርሙ ጠይቁ።

ባለቤቴ በየቀኑ ውስኪ ይጠጣል። ፕሮግራሙ ሳይጀመር ቤት ዘግቼበት ላስቁመው?

በፍጹም! በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። ይሄ የጠበቃ ሥራ አይደለም። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።