«ለክፉም ለደጉም»

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ በልጆች ሕክምና ሳያስፈልጉ ስለምናዛቸው አራት ነገሮች እንድናገር ጠይቀውኛል። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ አራቱንም አላዳርስም። የመጣሁት ስለ አንዲት አባባል ነው። ደም ይታይ፣ ለክፉም ለደጉም። ራጅ ይነሳ፣ ለክፉም ለደጉም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህችን ያላለ ሐኪም ካለ እጁን ያውጣ። አየሁ፣ ማንም የለም።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ነው። ተረኛ በሆንኩበት ሌሊት አንዲት የሰባት ወር ሕፃን መጣች። አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ታስላለች፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ግን ትጠባለች። ኦክስጅኗ ጥሩ ነው። እናቷን እያየች ትስቃለች። ብሮንኪዮላይቲስ ነው፣ ቫይረስ ያመጣው የሳንባ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች መቆጣት፣ በራሱ ጊዜ የሚለቅ። ይህን እኔም አውቄዋለሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ራጅ አዘዝኩ። ደብዘዝ ያለች ጥላ ታየችኝ። በዚህ በሽታ እንዲህ ያለ ጥላ ብርቅ አይደለም፤ አክታ መንገዱን ሲዘጋበት አንዱ የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ይኮማተራል። እኔ ግን ኒሞንያ (የሳንባ ምች) ብዬ አስተኛኋት። ደም ሥር ፍለጋ አራት ጊዜ ወጋናት። አንቲባዮቲክ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። ለተቅማጡ ደግሞ የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ! ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ዛሬ ነው የምስቀው።

በስድስተኛው ቀን ወጣች። እናትየዋ እጄን ይዛ «ልጄን አተረፉልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ምስጋናዋን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

«ወላጆች ናቸው የሚያስገድዱን» ትሉኛላችሁ። ይህ ሰበብ ሰልችቶኛል። ወላጅ የሚፈልገው መልስ ነው። «ሳሉ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መጥባት ካቃታት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ በሌሊትም ቢሆን አምጪያት።» ይህን ማስረዳት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ወረቀት መጻፍ ግን ቀላል ነው። እውነቱን እንነጋገር። የምንፈራው እኛ፣ የሚወጋው ልጁ!

ለብሮንኪዮላይቲስ እንደ ልማድ ራጅ ማንሳት እንደማያስፈልግ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያው ላይ ጽፎታል። የአየር ቱቦ የሚከፍተውን ሳልቡታሞልንም፣ መቆጣት የሚያበርደውን ስቴሮይድንም አትስጡ ብሏል። መመሪያው አልጠፋንም። ድፍረቱ ነው የጠፋን።

ሁለተኛው ነጥብ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከ42,000 በላይ ልጆችን አይቶ ሲቲ ስካን የማያስፈልጋቸውን የምንለይበት መንገድ ሰጥቶናል። ጨረሩ ለልጅ ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት አጠገባችን አቆይቶ መከታተል ይበቃል።

ሦስተኛው ተቅማጥ። በውሃ የሚበጠብጠው ኦአርኤስ እና ዚንክ ይበቃሉ። ደም ከሌለበት፣ ኮሌራም ካልጠረጠራችሁ፣ አንቲባዮቲኩን ተዉት።

ደግሞ ነገ ተነስታችሁ «ምርመራ አቁሙ ብሏል» እንዳትሉኝ። የሁለት ሳምንት አራስ ካተኮሰው ደሙንም ሽንቱንም የጀርባ ፈሳሹንም እዩ፣ አትሳሱ። እዚያ ውጤቱ የምትሰሩትን ይለውጣል። የእኔ ራጅ ግን ጤነኛዋን ወደ አልጋ ከመውሰድ በቀር የለወጠው ነገር አልነበረም።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አራተኛው ስለ ሳል ሽሮፕ ነበር። እሱን በእረፍት ሰዓት ጠይቁኝ፣ ብዙ የምለው አለኝ።