«አልፏል» የተባለው ዲስክ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አንድ ሌሊት ብቻ አጫውታችኋለሁ።

አንድ ሰርቨር መንቀራፈፍ ጀመረ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የጭነቱ ቁጥር ግን ያሻቅባል። ሁላችንም ዳታቤዙን ጠረጠርን፤ ሁለት ሰዓት ያህልም እሱን ስናገላብጥ ቆየን። በመጨረሻ የዲስኮችን ፍጥነት የሚለካውን ትእዛዝ፣ አይኦስታትን፣ ከፍቼ በየሰከንዱ እንዲነግረኝ አደረግኩ። ሰርቨሩ ሁለት ዲስኮች አሉት፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አንደኛው የተጠየቀውን በ8 ሚሊ ሰከንድ ይመልሳል፤ ሁለተኛው 900 ይፈጅበታል። እኩል ሥራ የተሰጣቸው መንትዮች እንዲህ ሲራራቁ ነገሩ ከዳታቤዝ በታች ነው። ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) መዝገብ ሳየው፣ የዚያው ዲስክ የንባብ ስህተት ተደጋግሞ ሰፍሯል።

ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን የሚያነበውን ፕሮግራም፣ ስማርትሲቲኤልን፣ የዲስኩን ጤና ስጠይቀው «አልፏል» አለኝ።

ይህ ቃል ስንት ሰው አዘናግቷል! ዲስኩ ራሱን የሚመዝነው አምራቹ ባስቀመጠለት ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ከወለሉ በታች እስካልወረደ ድረስ እያቃሰተም ቢሆን «አልፏል» ይላል። ስለዚህ ፍርዱን ትቼ ጥሬ ቁጥሮቹን አነባለሁ። በሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ በዚያ ሌሊት መስመር 197 ላይ 16 ተጽፎ ነበር። ዲስኩ ሊያነባቸው ያቃተው፣ ውሳኔ የሚጠብቁ 16 ሴክተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ አሉ ማለት ነው። በላያቸው ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ ወይ ደህና ሆነው ይገኛሉ፣ ወይ በመጠባበቂያ ሴክተር ተተክተው መስመር 5 ላይ ይቆጠራሉ። 197 ሲቀንስ «ዳነ» ብላችሁ አትደሰቱ፤ መጀመሪያ 5 መጨመር አለመጨመሩን ተመልከቱ። የሚያድገው መረጃ በገመድ ሲተላለፍ የሚፈጠረውን ስህተት የሚቆጥረው መስመር 199 ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ከመክሰሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ።

ባዶ ቁጥርም ዋስትና አይደለም። የጎግል ተመራማሪዎች በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ከተበላሹት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በአራቱ ዋና ዋና ምልክቶች ላይ አንድም ቁጥር አላስመዘገቡም ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ንጹሕ ሪፖርት ባየሁ ቁጥር ስለ መጠባበቂያ ቅጂው እጠይቃለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዲስኩን የማውጣቱ ሰዓት ነው። ሲስተሙ ለዲስኮቹ የሚሰጣቸው ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ሰርቨሩ ሲነሣ ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ የተሳሳተው ከተነቀለ የሚወጣው ብቸኛው ጤነኛ ቅጂ ነው። ዲስኮችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ ኤልኤስቢኤልኬን፣ የዲስኩን የመለያ ቁጥር እንዲያሳየኝ አዘዝኩትና በስልክ የመጨረሻዎቹን አራት ምልክቶች ሰርቨሩ አጠገብ ለቆመው ባልደረባዬ አነበብኩለት። እሱም ከዲስኩ ላይ ካለው ወረቀት መልሶ አነበበልኝ። አንድ ጊዜ ደግመን «በል አውጣው» አልኩት።

አዲሱ ገባ። የሁለቱ ዲስኮች ጥምረት ሁኔታ በሚታይበት መስመር ላይ ጤነኛው ዲስክ በዩ ፊደል፣ የጎደለው በሰረዝ ነው የሚታየው። ቅጂው በመቶኛ ቀስ እያለ ሲወጣ ዓይኔን ከሰረዙ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሊነጋጋ ሲል ሰረዙ ዩ ሆነ። ለባልደረባዬ ደወልኩለት፤ እሱም አልተኛም ነበር።