ከደጅ እስከ ደጅ፦ የበዓል ሰሞን ትኬት ከሐዋሳ

እሱ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነን። መስኮቱን ስለከፈትነው የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ፣ ሙቀቱ አላስቻለንም። የዛሬው ጉዳይ ከገዛ ቤቴ የመጣ ነው። እህቴ ሚኒያፖሊስ ነው የምትኖረው። ለገና ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትመጣ ነው። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ እማዬን ይዛ መመለስ ትፈልጋለች። የእማዬ ቪዛ ወጥቷል። ትናንት ማታ ያየችውን የትኬት ዋጋ ላከችልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንቅልፍ ነው የነሳኝ።

እሷ፦ አይዞህ። ዘጠኝ ዓመት ትኬት ቢሮ ስሠራ፣ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ያንን ፊት በየቀኑ አየው ነበር። ሰው ዋጋውን ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ "ትንሽ አይቀነስም?" ይላል። አይቀነስም። መንገዱን ያወቀ ሰው ግን ያነሰ ይከፍላል።

እሱ፦ በመጀመሪያ ለምንድነው እንዲህ የሚሰቀለው?

እሷ፦ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 16። የኛ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። ስለዚህ ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ይሞላል። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ይመለሳል። እህትህ መምጫዋንም መመለሻዋንም በውድ ቀን ላይ ነው የጣለችው።

እሱ፦ ምን ታድርግ ታዲያ? ልጆቹ ትምህርት አላቸው።

እሷ፦ ገብቶኛል። ግን ሁለት ሦስት ቀን ወዲህና ወዲያ ማለት ይቻላል። በራሱ በፈረንጆች ገና ዕለት ወይም በዋዜማው መብረር ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ምክንያቱም ሰው ያን ቀን ቤቱ መሆን ይፈልጋል። እሷ ደግሞ የምታከብረው የኛን ገና ነው። በ16 ብትነሳ ከበዓሉ በፊት ብዙ ቀን አላት። ጎግል ፍላይትስ ላይ የወሩን ካላንደር ከፍታ ዋጋውን ቀን በቀን ትየው። ማሳወቂያውንም ትክፈተው፣ ዋጋው ሲወርድ ኢሜይል ይልክላታል።

እሱ፦ ደጋግመሽ ከፈለግሽ ዋጋው ይጨምርብሻል የሚባለውስ? እህቴ እሱን ፈርታ ስልኳን ዘግታ ነው የተኛችው።

እሷ፦ ስትፈልግ ስላዩዋት አይደለም የሚጨምረው። ኢኮኖሚ የሚባለው ክፍል አንድ ዋጋ ብቻ ያለው ይመስለናል። ወንበሩ ያው ነው፣ ዋጋው ግን በደረጃ በደረጃ ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ርካሹ ቀድሞ ያልቃል። አንተ ቡና ጠጥተህ እስክትመለስ ሌላ ሰው ወስዶት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ለ4 ሰው ስትፈልግ ርካሽ ወንበር 3 ብቻ ቀርቶ ከሆነ፣ ሲስተሙ አራቱንም በውዱ ዋጋ ነው የሚያሳይህ።

እሱ፦ አራቱንም?

እሷ፦ አራቱንም። ስለዚህ መጀመሪያ ለ1 ሰው ፈልግ፣ ቀጥሎ ለ2፣ ቀጥሎ ለሁሉም። ዋጋው ከተለያየ ከፋፍለህ ግዛ። ልጅን ግን ለብቻው እንዳትነጥል፣ ከአዋቂ ጋር ነው መያዝ ያለበት። እማዬ በራሷ ትኬት ትያዝ፣ ከዚያ አየር መንገዱ ሁለቱን ቡኪንግ እንዲያያይዝላችሁ ጠይቁ። አብረው እንደሚጓዙ ይመዘገባል።

እሱ፦ እማዬን ከጥምቀት ሰሞን አውጥተን በየካቲት ብቻዋን ብንልካትስ? ልዩነቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እሷ፦ እንደ እኔ እንደ እኔ አትላኳት። አውሮፕላን የምትቀይርበት ዋሽንግተን ስትደርስ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ። ከዚያ ሻንጣዋን ራሷ ከቀበቶው ላይ አንስታ፣ በጉምሩክ አልፋ፣ ለሚኒያፖሊሱ በረራ መልሳ ማስረከብ አለባት። አሜሪካ የገባህበት የመጀመሪያው ከተማ ላይ ሻንጣህን ማንሳት ግዴታ ነው፣ እስከ መጨረሻው ታግ ቢደረግም። እንግሊዝኛ ለማይችል ትልቅ ሰው ይህ ከባድ ነው። ለልዩነቱ የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያ ቦታ ላይ እጇን የሚይዛት ሰው ነው። መመለሻዋ ብቻዋን ከሆነ ደግሞ ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅላት። ክፍያ የለውም። መራመድ ብትችልም አንድ ሠራተኛ ከበር እስከ በር ያደርሳታል።

እሱ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ወደ ሐዋሳችን እንምጣ። እህቴ የፈለገችው "ሚኒያፖሊስ፣ አዲስ አበባ" ብላ ነው።

እሷ፦ ይኸው፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ቤታችሁ አዲስ አበባ አይደለም። የሐዋሳ አየር ማረፊያ የራሱ ኮድ አለው፣ ኤ ደብልዩ ኤ። መጨረሻው ሐዋሳ ብላ ትፈልገው። አንዳንዴ ከአዲስ አበባው ብዙም አይበልጥም። በአንድ ትኬት ሲሆን ደግሞ ከውጭ የመጣችበት የሻንጣ ፈቃድ ሐዋሳ ድረስ ይከተላታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ በኢኮኖሚ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለሐዋሳ ለብቻው ትኬት ከቆረጠች ግን የአገር ውስጡ ፈቃድ ያንሳል። ሦስት ሰው፣ ስድስት ሻንጣ! ለትርፉ ኪሎ ቦሌ ላይ ልትከፍል ነው።

እሱ፦ እኔ ደግሞ መኪና ይዤ ቦሌ ድረስ ልቀበላት ነበር ያሰብኩት።

እሷ፦ እሱም መንገድ ነው፣ ግን ቁጠረው። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ ያንኑ መመለስ። ነዳጅ አለ፣ የፈጣን መንገድ ክፍያ አለ፣ ምናልባት አዲስ አበባ ማደር አለ። በበዓል ሰሞን ሻሸመኔን ማለፍ ራሱ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ፣ በግ የጫነው፣ ሰው የጫነው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ደምረህ ነው ከአውሮፕላኑ ጋር ማወዳደር ያለብህ። አደራ ግን፣ አንድ ነገር ስማኝ።

እሱ፦ እየሰማሁ ነው።

እሷ፦ ትኬቱ ከሐዋሳ የሚነሳ ከሆነ፣ ከሐዋሳ መነሳት ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን በረራ ትተህ በመኪና ቦሌ ብትሄድ፣ የቀረው በሙሉ ይሰረዛል። በአብዛኛው አየር መንገድ ትኬት በተርታው ነው የሚበላው። አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ጥምቀትን እዚህ አክብረው ሊመለሱ ሲሉ ዘመድ "ምን ያስቸኩላችኋል፣ በመኪና እወስዳችኋለሁ፣ መንገድ ላይ ባቱ ዓሣ እንበላለን" አላቸው። የሐዋሳውን በረራ ተዉት። ማታ ቦሌ ካውንተር ላይ ሲቀርቡ ስማቸው የለም። ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተኝተው፣ አባትየው ስልክ ሲደውል አደረ። ከሁለት ቀን በኋላ በአዲስ ትኬት ነው የሄዱት። አስቀድመው ደውለው "ከአዲስ አበባ ነው የምንነሳው፣ አስተካክሉልን" ቢሉ ኖሮ ልዩነት ቢከፍሉ ነው።

እሱ፦ ኧረ እንዲህ ያለ ነገር አለ! በመኪና የምሸኛቸው እኔ ነበርኩ እኮ።

እሷ፦ ለዚህ ነው የነገርኩህ። ከዋሽንግተን ወደ ሚኒያፖሊስ ያለውም እንደዚያው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። የአሜሪካው አየር መንገድ ዩናይትድም እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ትኬት ማያያዝ ይቻላል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠ፣ ሌላ የመፈለግ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን ማንም አያውቅህም። አዲስ ትኬት ከኪስህ ነው።

እሱ፦ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ርካሽም አይታለች፣ በፍራንክፈርት።

እሷ፦ እዚህ ላይ ተጓዡ የያዘው ፓስፖርት ይወስናል። እህትህና ልጆቿ የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዙ ችግር የለም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን በሸንገን፣ ማለት በአንድ ቪዛ በሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፣ ከአየር ማረፊያው ባትወጣም። የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው፣ ስለዚህ እማዬ ታልፋለች። የሸንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ሳይኖረው ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ግን በርካሹ ትኬት ተስቦ ቦሌ ላይ ሊቀር ይችላል። ከመክፈሉ በፊት የሚያልፍበትን አገር ኤምባሲ ወይም አየር መንገዱን ይጠይቅ። የልጆቹንም ቪዛ አትርሱ። በአሜሪካ ፓስፖርት የሚመጡ ልጆች ወይ የኢትዮጵያ ቪዛ ወይ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልጋቸዋል።

እሱ፦ እሺ። አሁን ደግሞ ቅድም ሻይ ስንጠጣ የነገርሽኝን ንገሪያቸው፣ የሰዓቱን።

እሷ፦ ይሄ ልቤን የሚነካው ነው። ዱባይ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ ለጥምቀት መጥቶ ነበር። የመመለሻ ትኬቱ ጃንዋሪ 25፣ 01:15 ይላል። እሱ በኛ ቆጠረው። ጥር 17፣ ሌሊት 7 ከሩብ። ልክ ነው። ጥር 17 ማታ እናቱ የጠቀለለችለትን ጀበና በጋቢ አቅፎ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ የሄደው ትናንት ሌሊት ነው።

እሱ፦ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

እሷ፦ በኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የ17 ሌሊት ስንል ከ17 ቀን በኋላ ያለውን ሌሊት ነው የምናስበው። ፈረንጆቹ ደግሞ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራሉ። ስለዚህ 25 ተብሎ የተጻፈው 01:15 ለኛ የ16 ሌሊት ነው። ጥር 16 ማታ 4 ሰዓት ላይ ቦሌ መሆን ነበረበት። የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ቋንቋችን ቃል አለው። "ለ17 አጥቢያ" ብሎ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ አይሳሳትም ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ በምቆርጠው ትኬት ሁሉ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር፦ "ለ17 አጥቢያ፣ ሌሊት 7:15። ከቤት የሚወጡት በ16 ነው።" ከባሕረ ሰላጤውና ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኙን ብዙዎቹ በረራዎች በሌሊት ነው የሚነሱት። አያቶች ለሚጓዙበት ቤት ሁሉ እንዲህ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

እሱ፦ ለ17 አጥቢያ። የእማዬን ራሴ እጽፍላታለሁ። ቴሌግራም ላይ "በግማሽ ዋጋ" የሚሉትንስ?

እሷ፦ ተጠንቀቁ። ቡኪንግና ትኬት አንድ አይደሉም። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ የሚያሳየው ወንበር መያዙን ብቻ ነው። ካልተከፈለበት በሰዓቱ ይጠፋል። ትኬት ሲቆረጥ 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ኮዱንና ስምህን አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ራስህ ሳታይ ቀሪውን ብር አትልቀቅ። ስሙም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ይጻፋል! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

እሱ፦ አንድ አድማጭ ደግሞ ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ስለ ፊቼ ጨምበላላ ጠይቃናለች። ወንድሟ ከለንደን ለበዓሉ መምጣት ይፈልጋል፣ ግን ቀኑን አስቀድሞ አያውቅም።

እሷ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ፊቼን አያንቱዎች የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2015 የመዘገበው በዓል ነው። የእሱን ውበት ለአየር መንገድ ብለን አንቀይረውም። ስለዚህ ከትኬቱ ላይ ነው ማስተካከል ያለብን። ቀን ለመቀየር ቅጣት የሌለበት ወይም ትንሽ የሆነበት ትኬት ይግዛ፣ ትንሽ ቢወደድም። ሰፋ አድርጎ ይምጣ። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ሳይደርስ ከቀረ ርካሹ ትኬት ምን ያደርግለታል?

እሱ፦ እውነት ነው። አሁን ሰዓቱ ስንት ነው... ቀኑ 10 ሰዓት። ሚኒያፖሊስ ገና መንጋቱ ነው፣ በክረምታቸው 9 ሰዓት ነው የሚለየን። ሥራ ሳትገባ ልደውልላት።

እሷ፦ መጀመሪያ የምትነግራት?

እሱ፦ መጨረሻው ኤ ደብልዩ ኤ፣ መነሻው የፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ለእማዬ መመለሻ ዊልቸር። መኪናዋን ደግሞ ለሐዋሳ አየር ማረፊያ አስቀምጣታለሁ።

እሷ፦ የልጆቹንም ፓስፖርት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ስማቸውን እኔ አያለሁ።