እንቁላሉ ብቻውን የሚሠራባቸው ሦስት ቀናት

[ምስል፦ ጠፍጣፋ የላብራቶሪ ሳህን፣ ቀስ እያለ ወደ ማይክሮስኮፕ እይታ ይቀየራል]

አይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር በላብራቶሪ የሚዋሃዱበትን ሕክምና፣ የጀመረች ሴት የስልኳን ጥሪ የምትፈራበት ሳምንት አለ። እንቁላሎቿ ከወጡ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። እንበል 12 እንቁላል ወጣ። በዚያው ቀን የበሰሉት 9 ብቻ ናቸው ትባላለች። በማግስቱ 6ቱ ከወንዱ ዘር ጋር ተዋህደዋል ይሏታል። 5ኛው ቀን ሲደርስ ደግሞ የቀሩት 2 ወይም 3 ናቸው። በየጥሪው ሆዷ ባር ባር ይላል። «ምን አጥፍቼ ነው?» ትላለች።

ምንም አላጠፋሽም። እንዲህ ያለው ቅነሳ የተለመደ ነው። ከሚወጡት እንቁላሎች በአማካይ ሦስት አራተኛው ገደማ በስለው ይገኛሉ። ከበሰሉት ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ይዋሃዳሉ። ከተዋሃዱት ደግሞ 5ኛው ወይም 6ኛው ቀን ላይ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ግማሽ ናቸው፤ ከዚያም ሊያንሱ ይችላሉ። ለምን? መልሱን ለማግኘት እንቁላሉ ውስጥ መግባት አለብን።

[ምስል፦ አንድ እንቁላል፣ በጉልህ]

ይህን ተመልከቱት። ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ትንሽ ቢመስልም በሰው አካል ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሴሎች አንዱ ነው። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ እንደ ነጥብ ሊያየው ይችላል። እንዲህ የገዘፈው ለረጅም መንገድ ስንቅ ስለቋጠረ ነው። ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ብቻ ከ100,000 በላይ ይሆናሉ። ከነሱ ጋር ፕሮቲኑ አለ፣ ለሥራ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የዘረመል መልእክትም አለ። የወንዱ ዘር የራሱን ክሮሞሶሞች፣ ማለትም ዘረመልን የተሸከሙ ክሮች፣ ይዞ ይመጣል፣ እንቁላሉንም ይቀሰቅሰዋል። ስንቁን የምታቀርበው ግን ሴቷ ናት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ከውህደቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሽሉ የራሱን ጂኖች ገና መጠቀም አልጀመረም ማለት ይቻላል። የሚንቀሳቀሰው እንቁላሉ በያዘው ነገር ነው።

[ምስል፦ 1ኛ ቀን፣ ጎን ለጎን ሁለት ክብ ኒውክለሶች]

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያዋ ሳህኑን አውጥታ እነዚህን ሁለት ክቦች ትፈልጋለች። አንዱ የእናትን፣ አንዱ የአባትን ክሮሞሶሞች የያዘ ነው። ሁለቱ ከታዩ ውህደቱ በትክክል ሆኗል። ሦስት ከታዩ ግን ከመጀመሪያው ስህተት ተፈጥሯልና አብዛኛውን ጊዜ ሽሉን አይጠቀሙበትም። 2ኛው ቀን ላይ 4 ሴል ይሆናል። 3ኛው ቀን ላይ ወደ 8። ሽሉ ግን በመጠን አያድግም። ያው 0.1 ሚሊሜትር ውስጥ ሆኖ ሴሎቹ እየተከፈሉ፣ እያነሱ ይሄዳሉ። ስንቁም በዚያው ልክ እያለቀ ነው።

ከ4 ወደ 8 ሴል በሚሻገርበት ጊዜ ሽሉ የራሱን ጂኖች በደንብ መጠቀም ይጀምራል። ብዙ ሽሎች የሚቆሙት እዚህ አካባቢ ነው። እንቁላሉ ያቀበለው ነገር ካልበቃ፣ ወይም ክሮሞሶሞቹ ከተዛቡ፣ እዚህ ይታወቃል። በወንዱ ዘር ላይ ያለ ጉዳትም ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ከዚህ በኋላ ነው። 3ኛው ቀን ላይ ሁሉንም ያስደሰተ ሽል 5ኛው ቀን ላይ ቆሞ የሚገኘው ለዚህ ነው። ላብራቶሪው አላበላሸውም፣ ሴትየዋም ደረጃ ስለወጣች አልቆመም።

ቁጥሩ ያስጨነቃችሁ ካላችሁ ይህንንም እወቁት። በአይቪኤፍ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ወደዚህ ዓለም የመጣችው ከአንድ እንቁላል ነው። እናቷ እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት አልወሰዱም ነበር። ወደ ማህፀን የገባውም ባለ 8 ሴል ሽል ነበር።

[ምስል፦ ክሮሞሶሞች በእንቁላሉ መሃል ተሰልፈው]

እሺ፣ ክሮሞሶም ይዛባል ሲባል ምን ማለት ነው? ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትወለደው። እነዚህ እንቁላሎች ገና ሳትወለድ መከፈል ይጀምሩና መሃል ላይ ይቆማሉ። ለዓመታት። 40 ዓመት የሆናት ሴት እንቁላሏም ከ40 ዓመት በላይ በዚያው ቆሞ ጠብቋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክሮሞሶሞቹን አጣብቀው የሚይዙት ፕሮቲኖች እየላሉ ይሄዳሉ። እንቁላል ከመውጣቱ 36 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ የሚሰጠው መርፌ ያንን የቆመ ሥራ እንደገና ያስነሳዋል። እንቁላሉ ከ46ቱ ክሮሞሶሞች 23ቱን ብቻ ይዞ መቅረት አለበት። ፕሮቲኖቹ ከላሉ ግን ክሮሞሶሞቹ እኩል ሳይከፈሉ ይቀሩና አንዱ ይተርፋል ወይም ይጎድላል።

ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች 5ኛው ቀን ላይ ከደረሱ ሽሎች ሲሶ ገደማ የክሮሞሶም መዛባት አለባቸው። በ40 ዓመት አካባቢ ከግማሽ ይበልጣል። አብዛኞቹ ማህፀን ላይ አይያዙም፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቋረጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራ የሚጠቁመው የእንቁላልን ብዛት ነው። ጥራቱን አይናገርም። የ29 ዓመት ሴት ኤኤምኤችዋ ዝቅ ቢል፣ የሚወጣላት እንቁላል ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ የክሮሞሶሞቹ ጤና ግን በዋናነት ዕድሜዋን የሚከተል ነው። «እንቁላልሽ አርጅቷል» ተብለው እያለቀሱ የሚወጡ ወጣት ሴቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

[ምስል፦ የ5ኛ ቀን ሽል፣ መሃሉ ፈሳሽ የሞላ]

ይህ ብላስቶሲስት ይባላል። ወደ ውስጥ የተሰበሰበችው ጓል ሕፃኑ ትሆናለች። ዙሪያውን ያለው ሽፋን እንግዴ ልጁን ይሠራል። ወረቀታችሁ ላይ 4ኤቢ የሚል ነገር ካያችሁ፣ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሰፋ፣ የመጀመሪያው ፊደል የውስጡን፣ ሁለተኛው የሽፋኑን ሁኔታ ይናገራል። የመልክ ነጥብ ነው። መልኩ ያማረ ሽል ክሮሞሶሙ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ዝቅ ካለ ሽልም ጤነኛ ልጆች ተወልደዋል። የክሮሞሶም ምርመራው ከሽፋኑ ጥቂት ሴሎች ወስዶ ያያል፤ ለመምረጥ ይረዳል እንጂ የተዛባውን አያስተካክልም።

ጥራቱን ማሻሻል ይቻላል ወይ? የተዛባ ክሮሞሶምን የሚመልስ መድኃኒት የለም። እንደ ኮኪው10 ያሉ እንክብሎች ብዙ ይወራላቸዋል፣ ማስረጃቸው ግን ገና አጥጋቢ አይደለም። ማጨስ ግን እንቁላልን በእርግጥ ይጎዳል፤ የወንዱንም ዘር እንዲሁ። እንቁላሉ የመጨረሻውን ጉዞ ለመጨረስ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ለማቆም ያሰበ ሰው ሕክምናው ሲጀመር ሳይሆን ቀደም ብሎ ያቁም። የቀዘቀዘ እንቁላል ደግሞ በቀዘቀዘበት ዕድሜ ይቆያል።

ሙከራው ካልተሳካ ሐኪማችሁን የቱ ደረጃ ላይ እንደቆመ በደንብ ጠይቁ። እንቁላሎቹ ሳይበስሉ ከወጡ መድኃኒቱና የመርፌው ሰዓት ይታያል። በስለው ካልተዋሃዱ አንድ የወንድ ዘር በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ በመርፌ የሚገባበት ኢክሲ አለ። ከ3ኛው ቀን በኋላ ከቆሙ ባልየውም ይመርመር። 5ኛው ቀን ደርሰው ማህፀን ላይ ካልያዙ ደግሞ ክሮሞሶሙንና ማህፀኑን ማየት ተገቢ ነው። ውጤቱንም ቀን በቀን በወረቀት ተቀበሉ፤ ሐኪም ብትቀይሩ እንኳ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።